«የራሷ ሴል ስለሆነ አይጎዳትም» አሉን

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ71 ዓመቷ እናቴ ማኩላዋ (የዓይን የውስጥ ጀርባ መሀል) ተጎድቶ የፊት ለፊት እይታዋ እየደበዘዘ ነው። አንድ ክሊኒክ ከሆዷ ስብ ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጥ የሚችል ሴል) አውጥቶ ሁለቱንም ዓይኗን በአንድ ቀን ሊወጋት ነው። «የራሷ ስለሆነ አይጎዳትም» ብለውናል። ገንዘቡን እያጠራቀምን ሁለት የዓይን ቀጠሮ አለፈን። ደግሞ ስቴም ሴል ከፅንስ ይወሰዳል ሲባል ሰምቼ ኃጢአት እንዳይሆንብኝ ፈራሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ኃጢአቱን ቶሎ እንጨርሰው። ከፅንስ የሚወጣ ስቴም ሴል አለ፤ የሰው እ.ኤ.አ. በ1998 ተገኘ። ሴሎቹን ለማውጣት የጥቂት ቀን ፅንስ ስለሚፈርስ ክርክሩ የዋዛ አይደለም። ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ በ2006 የአይጥን የቆዳ ሴል ወደ ስቴም ሴልነት መልሶ ሌላ መንገድ ከፈተ፤ በ2012 ኖቤል ተሸለመበት። የእናትዎ ከስብ ነው፤ ፅንስ የለበትም።

ግን ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነበው ያስጨነቀዎት ይኼ አልመሰለኝም። «እናቴ እያየኋት ታወረች» ማለትን ነው የፈሩት። ሕመሙ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው፤ እርስዎ አላመጡትም። ብዙውን ጊዜም የዳር እይታ ስለሚተርፍ ድፍን ጨለማ አይሆንም።

አሁን ወደ «የራሷ ነው»። ሽፋሽፍትዎም የራስዎ ነው፤ ዓይንዎ ውስጥ ሲገባ ግን ያስለቅስዎታል። «የራስ» ማለት ሰውነት ባዕድ ነው ብሎ አይዋጋውም ማለት ብቻ ነው። ከሆድ ስብ የወጣ ሴል ዓይን ውስጥ ሲገባ ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ጀርባ ስስ ሽፋን) ልሁን አይልም። እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ከ72 እስከ 88 ዓመት የሆናቸው ሦስት ሴቶች ልክ ይህንኑ ተደረጉ፦ ከሆዳቸው ስብ፣ ሁለቱም ዓይን፣ በአንድ ቀን። 5,000 ዶላር ከፍለዋል። ሳምንት ሳይሞላ ዓይናቸው ደማ፣ ሬቲናቸው ተላቀቀ። ከመወጋታቸው በፊት የሚያዩ ሴቶች ነበሩ፤ በኋላ አንዷ ብርሃን እንኳ አልለይ አሏት።

ሁለቱንም ዓይን! እዚህ ላይ እንቅልፍ አይወስደኝም። አዲስ ነገር የሚሞክር ጠንቃቃ ሐኪም አንዱን ዓይን ለክፉ ቀን ያስቀምጣል። ሁለቱንም በአንዴ ልውጋ የሚል፣ በዚያ ላይ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ምርምር እያደረገ አይደለም። በቃ፣ አትሂዱ።

ስቴም ሴል ሁሉ ማጭበርበር ነው አላልኩም። ለደም ካንሰር የመቅኔ ንቅለ ተከላ ለአሥርት ዓመታት ሰው ሲያድን ኖሯል። ዓይን ላይም ጥሩ ጥናት እየተካሄደ ነው። የእናትዎ ክሊኒክ ግን እሱ አይደለም።

ቀጠሮው ነገር ግን አናደደኝ። ሁለት ጊዜ! የማኩላ ሕመም ደረቅና እርጥብ አለው። እርጥቡ ላይ አዲስ የደም ሥር ይበቅልና ያፈሳል። ለሱ የሚሠራ፣ የተፈተነ መርፌ አለ፤ ነገር ግን ሳምንታት ካለፉ የጠፋው እይታ ላይመለስ ይችላል። ለማይረባው ስታጠራቅሙ የሚረባው እንዳያመልጣችሁ።

ዛሬ ማታ እናትዎን የበሩ መቃን ፊት ያቁሟቸው። መነጽራቸውን ያድርጉ፤ አንዱን ዓይን በእጃቸው ይሸፍኑና ይዩ፣ ከዚያ ሌላውን። ሁለቱም ክፍት ከሆነ ደህነኛው የታመመውን ይሸፍንለታል። መቃኑ ከተወላገደባቸው ወይም መሀሉ ላይ ጥቁር ነገር ካዩ ነገ ጠዋት ዓይን ሐኪም ዘንድ ናችሁ። ቀጥ ብሎ ከታያቸውም ያለፈውን ቀጠሮ በዚሁ ሳምንት ያስይዙ።