ሰዎችን በሥራ የሚያቋቁም ድርጅት መምራት፦ ጥያቄና መልስ

ለትርፍ ያልተቋቋሙና ሥራ አጥተው የቆዩ ሰዎችን በሥራ የሚያቋቁሙ ድርጅቶችን ለሚመሩ ዳይሬክተሮች፣ የቦርድ አባላትና የምርት ኃላፊዎች የተከፈተ መድረክ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ፣ የግብርና የምዝገባ ሕግ ከአገር አገር ስለሚለያይ በዚያ በኩል የየአገራችሁን ሕግ አመሳክሩ።

ጥያቄ፦ የቦርድ ሰብሳቢያችን በየቀኑ ወርክሾፕ እየመጡ ለሠራተኛው ትእዛዝ ይሰጣሉ። ዳይሬክተሯ ዝም ብላለች። ትክክል ነው?

አይደለም፣ በቅን ልቦና ቢያደርጉትም። ቦርድ የሚወስነው በስብሰባና በቃለ ጉባኤ ነው። ከስብሰባ ውጭ ሰብሳቢውም ቢሆኑ ሠራተኛ የማዘዝ ሥልጣን የላቸውም። የቦርዱ ድርሻ ዳይሬክተሩን መቅጠርና መገምገም፣ ዕቅድና በጀት ማጽደቅ፣ ሂሳቡን በውጭ ኦዲተር ማስመርመር እንዲሁም ድርጅቱ ከዓላማው እንዳይወጣ መጠበቅ ነው። ቅጥር፣ የሥራ ድልድል፣ የዋጋ ተመንና የዕለት ግዢ የዳይሬክተሯ ነው።

በእናንተ ዓይነት ድርጅት ጉዳቱ የባሰ ነው። ለዓመታት ከሥራ ርቆ የተመለሰ ሰው ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት ሌላ ትእዛዝ ሲሰጠው አለቆቹ እንዳልተስማሙ አይታየውም። የተሳሳተው እሱ ይመስለዋል፤ በሦስተኛው ቀን ይቀራል።

መፍትሔው አንድ ገጽ የሥልጣን ክፍፍል ሰነድ ነው። በአንድ ዓምድ ዳይሬክተሯ ብቻዋን የምትወስነው፣ በሌላው ቦርድ የሚያጸድቀው ይጻፍ። ለምሳሌ ከወር ሽያጩ አንድ አሥረኛ የሚበልጥ ግዢ፣ ከ12 ወር የሚያልፍ ውል፣ ብድርና የንብረት ሽያጭ ወደ ቦርድ ይሂዱ። ዳይሬክተሯ ረቂቁን ይዛ መጀመሪያ ሰብሳቢውን ለብቻቸው ታነጋግር፤ ስብሰባ ላይ ድንገት ከተነሣ ክስ ይመስላል። ጉብኝታቸው ይቀጥል፤ ያዩትን ጉድለት ግን ለእሷ ብቻ ይንገሩ።

ጥያቄ፦ ቦርዱ ስንት ሰው ይሁን? እነማን?

ከ7 እስከ 9 ይበቃል። ከ5 ሲያንስ ሁለት ሰው በቀረ ቁጥር ምልዓተ ጉባኤ ይጎድላል፤ ከ12 ሲበልጥ ደግሞ ሦስት ሰው ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል። ሂሳብ መግለጫ አንብቦ የሚረዳ ሰው፣ የምታመርቱትን ሙያ የሚያውቅ ሰው፣ ሠልጣኞቻችሁን ሊቀጥር ከሚችል ዘርፍ የመጣ አሠሪ አይጉደሉ። በፕሮግራሙ ያለፉ ሰዎች ይግቡ፤ አንድ ብቻ ከሆነ ለሁሉም ተወካይ ተደርጎ ዝም ስለሚል ሁለት ይሁኑ። የሥራ ዘመኑ 3 ዓመት፣ አንዴ የሚታደስ፣ በየዓመቱ አንድ ሦስተኛው የሚለወጥ ቢሆን ልምድ በአንድ ጊዜ አይሄድም።

ጥያቄ፦ የዳይሬክተሩ እኅት ጎበዝ ሂሳብ ሠራተኛ ናት። እንቅጠራት?

በሂሳብ ክፍል አትቅጠሩ። ጉብዝናዋ አይደለም ችግሩ፤ ገንዘብ የሚያዝዘውና የሚመዘግበው አንድ ቤት ሲሆን ቁጥጥሩ ይፈርሳል።

ጥያቄ፦ ዳይሬክተር ልንቀጥር ነው። ከንግድ የመጣ ይሻላል ወይስ ከማኅበራዊ አገልግሎት?

የሁለቱም ድክመት አስቀድሞ ይታወቃል። ከንግድ የመጣው ሽያጩን ያነሣል፤ ነገር ግን እጁ የሚዘገየውን ሠልጣኝ እንደ ኪሳራ ማየት ይጀምርና ቅበላው ማንም ሳያስተውል ወደ ጠንካሮቹ ያዘነብላል። ከማኅበራዊ አገልግሎት የመጣው ሰውን መያዝ ያውቃል፤ ዋጋ መጨመርና ክፍያ ያዘገየን ደንበኛ መጠየቅ ግን ይከብደዋል።

ቃለ መጠይቁ ላይ ሁለት ወረቀት ስጧቸው። አንዱ የ3 ወር የገቢና ወጪ ዝርዝር ይሁን። ሌላው አንድ ጉዳይ፦ ሥራው ጥሩ የሆነ ሠልጣኝ በሳምንት ሁለት ቀን ያረፍዳል፣ በዚያው ሳምንት አስቸኳይ የደንበኛ ትእዛዝ አለ። 40 ደቂቃ ይበቃል። «ለምን ያረፍዳል?» ብሎ የሚጠይቀውን፣ በዝርዝሩ ላይ ደግሞ ያልተሰበሰበ ክፍያ መከማቸቱን የሚያየውን ፈልጉ። ሁለቱንም የሚያይ ካልተገኘ አንዱን ቅጠሩና ምክትሉን ከሌላው ወገን አድርጉ።

ጥያቄ፦ ወርክሾፓችን በየወሩ ይከስራል። ለጋሾች «ማኅበራዊ ወጪ ነው» ስንላቸው ነበር፤ አሁን ማመን አቆሙ። እንዴት እንለየው?

ለጋሾቹ እውነት አላቸው፤ ያልተለየ ወጪ አይታመንም። በቀላል ቁጥር እንየው። የወር ሽያጭ 100 ይሁን። ጥሬ ዕቃ 35፣ ደመወዝ 60፣ ኪራይና መብራት 20፤ ድምሩ 115። ኪሳራው 15።

አሁን ከወጪው ውስጥ ተራ ወርክሾፕ የማይሸከመውን አውጡ። አሠልጣኝ 12፣ የሠልጣኞችን ጉዳይ የሚከታተል ሠራተኛ 8። ሦስተኛው የዝግታ ወጪ ነው፦ የለመደ ሠራተኛ በቀን 10 ዕቃ ከሠራና ሠልጣኙ 6 ከሠራ፣ ከሠልጣኙ ደመወዝ 40 በመቶው ምርት አላመጣም። የሠልጣኞች ደመወዝ 25 ቢሆን ይህ 10 ይሆናል። ማኅበራዊ ወጪው በድምሩ 30። 115 ሲቀነስ 30፣ 85 ነው፤ ወርክሾፑ ራሱ 15 ያተርፋል ማለት ነው። ከ30ው ግማሹን ራሳችሁ ሸፍናችሁ ግማሹን ከለጋሽ ትጠይቃላችሁ። እንዲህ ተጽፎ የቀረበ ጥያቄ ሰሚ ያገኛል።

ጥሬ ዕቃው 35 መሆኑ ቀርቶ 60 ቢሆንስ? ወጪው 140፣ ማኅበራዊው ሲወጣ 110፣ ንግዱ ራሱ 10 ይከስራል። ይህን ለጋሽ ሊያድነው አይችልም፤ ወይ ዋጋችሁ ዝቅ ብሏል፣ ወይ ዕቃ ይበላሻል፣ ወይ ግዢው ላይ ችግር አለ። ብክነትን፣ የዘገየ ርክክብንና የተመለሰ ዕቃን በማኅበራዊ ወጪ ስም መሸፈን በዚህ ዘርፍ በብዛት የሚታይ ስሕተት ነው። የዝግታውን መጠን በግምት አትሙሉት፤ ያንኑ ዕቃ ለሁለቱም ሰጥታችሁ በሰዓት ለኩ፣ በየ3 ወሩ ድገሙት።

ጥያቄ፦ ለሠልጣኝ የሚስማማ ምርት ወይም አገልግሎት እንዴት ይመረጣል?

በትንንሽ ደረጃዎች የሚከፋፈል ሥራ ምረጡ፤ እንዲህ ከሆነ የመጀመሪያ ሳምንት ሠልጣኝም የ1 ዓመት ሠራተኛም እኩል ቦታ ያገኛሉ። በ1902 በቦስተን ኤድጋር ሄልምስ የተባሉ ቄስ ጉድዊል የተባለውን ድርጅት ሲጀምሩ ያገለገለ ልብስና የቤት ዕቃ ሰበሰቡ፤ ያ ዕቃ መለየት፣ መጠገን፣ መስፋትና መሸጥ የሚባሉ ሥራዎችን ወለደ። ሌላው መስፈርት ሙያው ከእናንተ ግቢ ውጭም ቀጣሪ ያለው መሆኑ ነው። እናንተ ብቻ የምታመርቱት ጌጣጌጥ ቢሸጥም ሠልጣኙን የትም አያደርሰውም።

ጥያቄ፦ የምርት ኃላፊያችን ጎበዝ ሠልጣኞችን አይለቅም። «እነሱ ከሄዱ ትእዛዝ አላደርስም» ይላል።

ከእሱ ቦታ ሆኖ ሲታይ ልክ ነው፤ የሚለካው በምርት ብቻ ነዋ። መለኪያውን ለውጡ። ከግምገማው ግማሹ ምርት፣ ግማሹ ወደ ውጭ ሥራ ያሸጋገራቸው ሰዎች ቁጥር ይሁን። ቀጥሎ በምርት መስመሩ ላይ 3 ወይም 4 ቋሚ ሠራተኞችን መድቡ፤ ትእዛዝ የሚደርሰው በእነሱ ስለሚሆን ሠልጣኝ ሲሄድ መስመሩ አይቆምም።

የመውጫ ቀን ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት በጽሑፍ ይቀመጥ። በፈረንሳይ በዚህ ዘርፍ የሚሰጠው የሽግግር ውል በመደበኛነት ቢበዛ 24 ወር ነው። ቀኑ ሲታወቅ ለ18ኛው ወር የሥራ ፍለጋ ታቅዳላችሁ። ቀን የሌለው ሠልጣኝ በዝቅተኛ ክፍያ የሚሠራ ቋሚ ሠራተኛ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ድርጅቱ የቆመለትን ሰው እየበዘበዘ ነው።

ሁሉም መውጣት አለበት ማለት አይደለም። በጣሊያን የ1991ዱ ሕግ ቁጥር 381 «ቢ» ብሎ የመደባቸው ማኅበራዊ ኅብረት ሥራዎች ቢያንስ 30 በመቶ ሠራተኞቻቸው ለሥራ ዕድል የተቸገሩ ሰዎች እንዲሆኑ ይጠይቃል፤ እነሱም እዚያው በቋሚነት መሥራት ይችላሉ። መሻገሪያ ድልድይ ወይም ቋሚ የሥራ ቦታ፣ ሁለቱም ያስኬዳል። መሪው የትኛውን እንደመረጠ ለሠልጣኙ ሳይነግረው መቅረቱ ነው ጥፋቱ።

ጥያቄ፦ አሠልጥኖ ማስቀጠር ወይስ ቶሎ ቀጣሪ ጋ ወስዶ እዚያው መደገፍ?

ከባድ የአእምሮ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ሁለተኛው እንደሚበልጥ በብዙ ጥናት ታይቷል። በአሜሪካ ዲቦራ ቤከርና ሮበርት ድሬክ ያዳበሩት አሠራር ሥራ የፈለገን ሁሉ ይቀበላል፤ «ገና አልደረሰም» ብሎ አያጣራም። ፕሮግራሙ ውስጥ በገባ በ30 ቀን ገደማ ከቀጣሪ ጋር ይገናኛል፤ ድጋፉ ከተቀጠረ በኋላም ይቀጥላል። አንድ የሥራ አማካሪ ከ20 ሰው በላይ አይይዝም፤ በሳምንት ቢያንስ 6 ጊዜ ቀጣሪዎችን በአካል ያነጋግራል።

መሪዎች የሚሳሳቱት 20ውን ወደ 40 ሲያሳድጉት ነው። በወረቀት ርካሽ ይመስላል፤ አማካሪው ግን ስልክ መልስ ሰጪ ሆኖ ይቀራል፣ ከቀጣሪ ጋር መገናኘቱ ይቆማል።

ጥያቄ፦ ውጤታችንን «70 በመቶ ሥራ ይዘዋል» ብለን ጽፈን ነበር። አንድ ለጋሽ አሳሳች ነው አለን።

ከ40 ጀማሪ 30 ጨርሰው 21 ተቀጥረው ከሆነ፣ 70 በመቶ ያላችሁት 21ን ለ30 አካፍላችሁ ነው። ያቋረጡት 10 ሰዎች ከሂሳቡ ወጡ፤ ከባዱ ችግር ያለው ብዙ ጊዜ እነሱ ዘንድ ነው። ሁልጊዜ ለ40 አካፍሉ፦ 52 ተኩል በመቶ። በ3፣ በ6 እና በ12 ወር ደግሞ ደውላችሁ ጠይቁ። በ6ኛው ወር 14 ሥራ ላይ ካሉ 35 በመቶ ነው፤ ያልተገኘውን ሰው «ሥራ ላይ ነው» ብላችሁ አትቁጠሩ። ሲገቡ የራሳቸውንና የሁለት ዘመድ ስልክ በፈቃዳቸው ካልያዛችሁ በ6ኛው ወር ማንንም አታገኙም።

ጥያቄ፦ አራት ሠራተኞች ብቻ ነን። የገንዘብ ቁጥጥር እንዴት ይሠራል?

ማዘዝ፣ መክፈልና መመዝገብ በአንድ እጅ አይሁኑ። ዳይሬክተሩ ያዝዛል፣ ገንዘብ ያዥ ይከፍላል፣ ሦስተኛ ሰው ይመዘግባል። ቼክ በጥምር ፊርማ ብቻ ይውጣ፤ አስቀድሞ የተፈረመ ባዶ ቼክ ግን ጥምር ፊርማውን ዋጋ ያሳጣዋል። የባንክ መግለጫውን በየወሩ ቀድሞ የሚከፍተው ፈራሚ ያልሆነ የቦርድ አባል ይሁን። ካዝናው ያለ ማስጠንቀቂያ በወር አንዴ ይቆጠር፣ ቆጣሪውና ያዡ ይፈርሙበት። መጋዘኑንም አትርሱ፤ በወርክሾፕ የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ ዕቃ ነው።

ጥያቄ፦ ለማሽን መግዣ የተሰጠን ገንዘብ ባንክ አለ፣ የደመወዝ ቀን ደርሷል፣ ደንበኛ አልከፈለም። ተበድረን ብንመልሰውስ?

አትንኩት። ለተወሰነ ዓላማ የተሰጠ ገንዘብ ለሌላ ሲውል ውል ማፍረስ ነው፤ «እንመልሳለን» የሚለውም ደንበኛው በሚቀጥለው ወርም ሲዘገይ ይከሽፋል። ዛሬውኑ ለጋሹን በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱ በጽሑፍ እስኪመጣ ቆዩ። ከደንበኛው ከፊል ክፍያ ጠይቁ። ደመወዙ የሚዘገይ ከሆነ ለሠራተኛው ቀኑ ሳይደርስ ንገሩ፤ ቅነሳ ካስፈለገም ከመሪዎቹ ይጀምር።

እንዳይደገም የ13 ሳምንት የጥሬ ገንዘብ ፍሰት ሠንጠረዥ ያዙ፦ በየሳምንቱ የሚገባ፣ የሚወጣ፣ የሚቀር። ገቢውን ደረሰኝ በተቆረጠበት ቀን አትጻፉ፤ ያ ደንበኛ በልማዱ በሚከፍልበት ቀን ጻፉ። በሂደት የ3 ወር ወጪ የሚሸፍን መጠባበቂያ አጠራቅሙ፤ ለተወሰነ ዓላማ የተሰጠ ገንዘብ እዚህ ውስጥ አይቆጠርም።

ጥያቄ፦ መሥራቿ ከ15 ዓመት በኋላ ልትለቅ ነው። ቦርድ ውስጥ ብትቀርስ?

ቢያንስ ለ1 ዓመት አትግባ። መሥራቿ ወንበር ላይ እያለች አዲሱ ዳይሬክተር ሲናገር ሰው ሁሉ ፊቷን ያያል። ርክክቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይበቃል፤ ከዚያ ሲረዝም ሠራተኛው ጉዳዩን ለውሳኔ ከሁለቱ ወደሚወደው ሰው ይወስዳል። በነዚያ ሳምንታት ትልልቅ ቀጣሪዎችና ለጋሾች ዘንድ አብረው ይሂዱ። በቃል ብቻ የተያዙ ስምምነቶች ይጻፉ፤ «እሷ ናት የምታውቀው» የሚባለው ነገር ሁሉ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ይግባ። የባንክ ፈራሚነቷና የይለፍ ቃሎቿ በመጨረሻው የሥራ ቀን፣ በዚያው ዕለት ይቀየሩ። በየወሩ አንዴ አዲሱ ዳይሬክተር ሲፈልግ ብቻ ደውሎ ሊጠይቃት ይችላል፤ ደዋዩ ግን እሱ ይሁን።