ሐኪሜ «ሥራ ቀንሺ» ብሎኛል፤ የቤቱን ዕዳስ ምን ላድርገው?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች። የ53 ዓመት ሴት ስሆን የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በአንድ ትልቅ ነርሲንግ ሆም ውስጥ በነርስ ረዳትነት በሳምንት 40 ሰዓት እሠራለሁ። ከዚህ ሌላ ቅዳሜና እሁድ ሽፍት እየወሰድኩ በወር 800 ዶላር ያህል አገኛለሁ፤ ይህንንም አንድ ሳላስቀር ለቤት ብድሩ ተጨማሪ ክፍያ አውለዋለሁ። ቤቱን የገዛነው በ356,000 ዶላር ሲሆን 320,000ውን በ6.75 በመቶ ወለድ ለ30 ዓመት ተበድረናል። ብድሩ መደበኛ የባንክ ብድር እንጂ በመንግሥት ዋስትና የሚሰጠው ኤፍ ኤች ኤ አይደለም። አሁን 300,000 ዶላር ይቀረናል። የወሩ ክፍያ ታክሱንና የቤቱን ኢንሹራንስ ሳይጨምር 2,075 ዶላር ነው፤ ፒ ኤም አይ ለሚባለው የብድር ኢንሹራንስ ደግሞ በወር 140 ዶላር እንከፍላለን።

ስኳርና የደም ግፊት አለብኝ፤ ባለፈው ዓመት ደግሞ ወገቤ ተጨመረ። ሐኪሜ የቅዳሜና እሁዱን ሥራ እንድተው፣ ከመደበኛውም ቢያንስ አንድ ቀን እንድቀንስ ነግሮኛል። አንድ ቀን ብቀንስ እጄ ላይ ከሚደርሰው በወር ወደ 600 ዶላር ይጎድላል። ባለቤቴ ኡበር ስለሚሠራ የጤና ኢንሹራንሳችን፣ የልጆቹም ጭምር፣ በእኔ መሥሪያ ቤት በኩል ነው። ትልቋ ልጃችን ኮሌጅ ለመጨረስ ሁለት ዓመት ቀርቷታል፤ ለእሷ በወር 500 ዶላር እንከፍላለን። በወር 600 ዶላር ስጥልበት የነበረው ዕቁብ በመጨረሻው ዙር 18,000 ዶላር ደርሶኛል። ሐሳቤ ዕቁቡን በሙሉ ቤቱ ላይ ጥዬ ወደ 24 ሰዓት ፓርት ታይም መውረድ ነው። ባለቤቴ በበኩሉ የቅዳሜና እሁዱን ትቼ በ200 ዶላር ብቻ እንድንቀጥል፣ እሱም ሊጨምረው ተስማምቷል። 200 ዶላር 300,000 ላይ ምን ያመጣል? ምክራችሁን እጠብቃለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ሥራ ለመቀነስ መወሰንዎ ትክክል ነው፤ ሐኪም ያዘዘውን የቤት ዕዳ ሊሽረው አይገባም። ወደ 24 ሰዓት መውረዱንና ዕቁቡን በሙሉ ቤቱ ላይ መጣሉን ግን አንደግፈውም፤ በተለይ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማድረግ እጅግ አደገኛ ነው። በእርስዎ ሁኔታ መጀመሪያ የጤና ኢንሹራንሱ ይጠበቅ፣ ቀጥሎ ሰዓቱ ይቀነስ፣ የዕዳው ፍጥነት ደግሞ ከእነዚህ በኋላ ይወሰን።

በተለምዶ ኦባማ ኬር የሚባለው የ2010 ሕግ በአማካይ በሳምንት 30 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራን ሰው እንደ ሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ይቆጥረዋል፤ 50 እና ከዚያ በላይ የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች ያሉት ቀጣሪም ለእንደዚህ ያሉት ሠራተኞች የጤና ኢንሹራንስ ካላቀረበ ቅጣት ሊጠብቀው ይችላል። ስለዚህ 32 ሰዓትና 24 ሰዓት በደመወዝ የሚለያዩት በአንድ ቀን ቢሆንም፣ በኢንሹራንስ በኩል ግን የመላው ቤተሰብዎ ሕክምና በመካከላቸው አለ። ኢንሹራንሱ ቢቋረጥ ኮብራ በሚባለው አሠራር ለ18 ወራት ማስቀጠል ቢቻልም፣ ቀጣሪው ይከፍልልዎት የነበረውን ድርሻ ጨምሮ ሙሉ ዋጋውን፣ እስከ 102 በመቶ ድረስ፣ የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። የግዛቱ የኢንሹራንስ ገበያ በሆነው በሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን በኩል ሌላ ኢንሹራንስ ለመግዛትም በር አለ፤ የሥራ ቦታው ኢንሹራንስ ከተቋረጠ በኋላ 60 ቀን ይሰጥዎታል። ነገር ግን ለስኳርና ለግፊት በየጊዜው የሚታይ ሰው ሐኪሙንና የመድኃኒት ሽፋኑን በግድ ካልሆነ በቀር ባይቀያይር ይመረጣል። መሥሪያ ቤትዎ በስንት ሰዓት ላይ ኢንሹራንሱን እንደሚያቆም ከሰው ኃይል ክፍሉ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የሱፐርቫይዘር የቃል ማረጋገጫ ለዚህ አይበቃም።

ከዚህ የሚሻል መንገድም አለ፤ ብዙ ወገኖቻችን ለወሊድና ለከባድ ሕመም ብቻ የተሠራ ስለሚመስላቸው ሳይጠቀሙበት ያልፋሉ። በ1993 የወጣውና ኤፍ ኤም ኤል ኤ የሚባለው ሕግ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉት ድርጅት ቢያንስ 12 ወር ለቆየና ባለፉት 12 ወራት 1,250 ሰዓት ለሠራ ሰው በዓመት የ12 ሳምንት ያለ ደመወዝ የሕክምና ፈቃድ ይሰጣል። ፈቃዱ የግድ በአንድ ጊዜ አይወሰድም፤ ሕመሙ የሚያስገድድ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ የሳምንቱን ሰዓት ለመቀነሻ ሊውል ይችላል። በ40 ሰዓት ለሚሠራ ሰው 12 ሳምንት ማለት 480 ሰዓት ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ማለትም 8 ሰዓት፣ ቢወስዱ ዓመቱን ሙሉ የሚያስፈልግዎ 416 ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ በሳምንት አራት ቀን እየሠሩ ዓመቱን መጨረስ ይችላሉ፤ ቀጣሪውም ኢንሹራንስዎን በነበረበት ሁኔታ የማስቀጠል ግዴታ አለበት፤ የሥራ ቦታዎም የተጠበቀ ነው። በ32 ሰዓት ሲሠሩ በዓመት 1,250 ሰዓቱን በቀላሉ ስለሚያልፉ፣ ሕመሙ ከቀጠለ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና መጠየቅ ይችላሉ። ሐኪምዎ የሚሞላው ቅጽ አለ። ቅጹ ላይ «ሥራ ብትቀንስ ጥሩ ነው» ተብሎ ከተጻፈ አይጠቅምዎትም፤ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ለምን ያህል ጊዜና በምን የሕክምና ምክንያት እንደሆነ በግልጽ መስፈር አለበት። ፈቃድ ላይ ሆነው በራስዎ ፍላጎት የቅዳሜና እሁድ ሽፍት መውሰድ ግን ጥያቄ ያስነሳል፤ ስለዚህ ያኛው ሥራ በዚሁ ይብቃ። የሚያርፉበትን ቀንም ክሊኒኮች ክፍት የሚሆኑበት የሥራ ቀን ያድርጉት። በሽፍት ብዛት የሚዘለለው ብዙውን ጊዜ ኤ ዋን ሲ የሚባለው የስኳር ምርመራና የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ነውና።

ስለ ወገብዎ አንድ ነገር ሳንጠይቅ ማለፍ አልፈለግንም። ሕመሙ የጀመረው ታማሚ ሲያነሡ ወይም ሲያገላብጡ ከሆነ ጉዳዩ የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ ሊሆን ስለሚችል፣ ዛሬ ነገ ሳይሉ ለቀጣሪው በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ለሐኪሙም እንዴት እንደጀመረዎ ይንገሩ። ካልሆነም በማንሻ መሣሪያ ወይም በሁለት ሰው እንጂ ብቻዎን ታማሚ እንዳያነሡ የሥራ ማመቻቸት መጠየቅ በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ የሚፈቅደው ነው።

አሁን ወደ ዕቁቡ እንምጣ። ለዓመታት የጣሉት ገንዘብ በአንድ ቀን ዕዳ ሲቀንስ ማየት ምን ያህል እንደሚያስደስት ይገባናል። ሆኖም ቤት ላይ የተጣለ ገንዘብ በችግር ቀን ተመልሶ አይወጣም። ዛሬ 18,000 ዶላር ከዋናው ዕዳ ላይ ቢከፍሉና ከሦስት ወር በኋላ ወገብዎ አልጋ ላይ ቢያውልዎ፣ የዚያ ወር 2,075 ዶላር ሳይጎድል ይጠበቅብዎታል፤ ቀደም ብለው መክፈልዎ ከዚህ 2,075 ላይ በራሱ አንዲት ዶላር አይቀንስም። በቤቱ ላይ መልሶ ለመበደርም ባንኩ ገቢዎን ይጠይቃል፤ ገቢዎ ደግሞ የወረደው በዚያው ጊዜ ነው። በአንጻሩ ገንዘቡ በእጅዎ ካለ ታክሱንና የቤቱን ኢንሹራንስ ሳይጨምር የስምንት ወር ክፍያ ይሸፍናል። የባንክ ተቀማጭን በሚያረጋግጠው የፌዴራል ድርጅት፣ በኤፍ ዲ አይ ሲ፣ ዋስትና ባለውና ወለድ በሚከፍል የቁጠባ ሒሳብ ያስቀምጡት። እርግጥ ነው በዚህ ምክንያት በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 1,215 ዶላር ያህል የብድር ወለድ ሊያተርፍልዎ ይችል የነበረውን ዕድል ያሳልፋሉ፤ አዲሱ የሥራ ሁኔታዎ እስኪረጋ ድረስ ግን ይህን ዋጋ መክፈሉ ተገቢ ነው ብለን እናምናለን።

«200 ዶላር ምን ያመጣል?» ላሉት መልሱ ብዙ ነው። ባለዎት 300,000 ዶላር ላይ የአሁኑ ወር ወለድ ብቻ 1,687 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው፤ ስለዚህ ከ2,075ቱ ዋናውን ዕዳ የሚነካው 388 ዶላር ገደማ ብቻ ይሆናል። 200 ሲጨመርበት በአንድ ጊዜ 588 ይሆናል። ምንም ሳይጨምሩ ቢቀጥሉ ዕዳው የሚያልቀው በ25 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ በ200 ጭማሪ በ20 ዓመት ያልቃል፤ ከ70,000 ዶላር በላይ ወለድም ይተርፋል። በ800 ጭማሪ ደግሞ በ13 ዓመት ከሁለት ወር ያልቃል። ጭማሪው በአራት እጥፍ ሲያድግ የሚያሳጥረው ጊዜ ግን በአራት እጥፍ አያድግም፤ 200 ዶላሩ አምስት ዓመት ገደማ ሲቆርጥ 800ው ወደ 12 ዓመት ነው የሚቆርጠው። የመጀመሪያዎቹ ዶላሮች ከሁሉ የበለጠ ይሠራሉ ማለት ነው።

ከዚህ ጋር የፒ ኤም አዩን ነገር አይርሱት። ይህ 140 ዶላር እርስዎን ሳይሆን አበዳሪውን የሚጠብቅ ኢንሹራንስ ነው። በ1998 በወጣው ሕግ መሠረት የሚቀረው ዕዳ ከቤቱ የመነሻ ዋጋ 80 በመቶ ሲደርስ እንዲነሳልዎ መጠየቅ ይችላሉ፤ በእርስዎ ቤት ይህ 284,800 ዶላር ነው። በራሱ የሚነሳው በ78 በመቶ ሲሆን፣ እሱም የሚቆጠረው በመጀመሪያው የክፍያ ሰሌዳ እንጂ እርስዎ አስቀድመው በከፈሉት አይደለም። ቀድሞ የሚከፍል ሰው ራሱ በጽሑፍ ካልጠየቀ ዕዳው ከወረደ በኋላም ሲከፍል ይኖራል። በ200 ዶላር ጭማሪ 284,800 ላይ የሚደርሱት በሁለት ዓመት ገደማ ነው። የመጀመሪያው ዓመት በደኅና ካለፈና ሥራዎ ከረጋ የሚቀርዎ 8,000 ዶላር ስለሚሆን፣ ያን ጊዜ ከዕቁቡ ላይ ይህን ያህሉን ከፍለው 140ውን ቢያስቆሙ ተቃውሞ የለንም፤ 10,000 ዶላር በእጅዎ ይቀራል።

ወጪና ገቢውን አብረን እናስላው። አንድ ቀን ሲቀነስ የሚጎድለውን 600 ዶላር፣ ዕቁቡ ስላለቀ ከእንግዲህ የማይጥሉት 600 ዶላር ይሸፍነዋል። 200ውን ባለቤትዎ ይጨምራሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጅዎ ስትመረቅ የሚቀረውን 500 ዶላርና ፒ ኤም አዩ ሲነሳ የሚተርፈውን 140 ዶላር ለዚያው ቤት ቢያውሉት፣ ዕዳው በጠቅላላው 13 ዓመት ከአሥር ወር ገደማ ውስጥ ያልቃል። የቅዳሜና እሁዱ ሥራ ብቻውን ከሚያደርስዎ ጊዜ የሚዘገየው በስምንት ወር ገደማ ብቻ ነው። በእርግጥ ሁሉንም አንድ ላይ ቢያደርጉ ከዚያ ይፈጥናል፤ ነገር ግን ሐኪምዎ የከለከለው ይህንኑ ነው። በዚህ አካሄድ ዕዳው የሚያልቀው ወደ 67 ዓመትዎ ሲጠጉ ነው፤ ይህም በ1960 እና ከዚያ ወዲህ ለተወለደ ሰው ሙሉው የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ የሚጀምርበት ዕድሜ ነው። እርስዎ ለጡረታ ሲቆጥቡ መሥሪያ ቤትዎ በበኩሉ የሚጨምርልዎ ገንዘብ ካለ፣ ከ200 ዶላሩ በፊት እሱ እንዳያመልጥዎ ይጠንቀቁ።

200 ዶላሩን ሲከፍሉ ከወሩ ክፍያ ለይተው ለፕሪንሲፓል፣ ማለትም ለዋናው ዕዳ፣ ብቻ እንደሆነ ይግለጹ፤ አለበለዚያ ብድሩን የሚሰበስበው ድርጅት ለመጪው ወር ክፍያ ሊይዘው ይችላል። በሚቀጥለው ወር መግለጫ ላይ ዋናው ዕዳ በ588 ዶላር ያህል መቀነሱን ያረጋግጡ። ሕመሙ ጠንቶ አንድ ወር መክፈል የሚያቅትዎ መስሎ ከታየዎም ቀኑ ሳያልፍ ለዚሁ ድርጅት ይደውሉ። ከመደወልዎ በፊት ደግሞ በፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት፣ በኸድ፣ ዕውቅና የተሰጣቸውን የቤት ጉዳይ አማካሪዎች ማነጋገር ይችላሉ፤ ክፍያ በመቸገር ጉዳይ የሚሰጡት ምክር በነጻ ነው።