ጥያቄና መልስ፦ በጎ ፈቃድ፣ ደቦ እና ወንፈል

የዚህ ሳምንት ደብዳቤዎች ከዳንግላ እስከ ብቸና ሁሉም ስለ ዓለም አቀፍ የወጣቶች በጎ ፈቃድ አገልግሎት ናቸው። ረጃጅሞቹን አሳጥሬአለሁ፤ ምርቃቱን ግን ተቀብያለሁ።

ከዳንግላ፦ አንድ «ወኪል» በተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኝነት አስመዘግብሃለሁ ብሎ ስምንት ሺህ ብር ጠየቀኝ። ግማሹን ከፍያለሁ፤ ቀሪውን ልጨምር?

ኧረ አትጨምር! ፕሮግራሙ ለምዝገባም፣ ለቃለ መጠይቅም፣ ለሥልጠናም ክፍያ አይቀበልም። የሚመዘገበው በራሱ ድረ ገጽ፣ በራስህ ኢሜይል፣ በነጻ ነው። የባንክ ደረሰኙንና የተጻጻፋችሁትን ይዘህ ዛሬውኑ ወደ ባንክህ፣ ከዚያም ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሂድ። የከፈልከው ይመለሳል ብዬ ግን ተስፋ አልሰጥህም።

ከአማኑኤል፦ ለአሜሪካው የሰላም ጓድ ማመልከት እችላለሁ?

አትችልም። ፒስ ኮር የሚባለው ይህ ድርጅት የአሜሪካ መንግሥት በጎ ፈቃደኞቹን ወደ ሌላ አገር የሚልክበት ነው፤ አሜሪካዊ ዜግነት ይጠይቃል።

ከፍኖተ ሰላም፣ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፦ አሥራ አራት የውጭ አገር ተማሪዎች በሐምሌ ለሦስት ሳምንት መጥተው ክፍሎቹን ቀለም ሊቀቡ፣ ልጆቹንም እንግሊዝኛ ሊያስተምሩ ይፈልጋሉ። ቀበሌው ደስ ብሎታል፤ መምህራኑ ግን ያጉረመርማሉ። ምን ብለን እንመልስ?

መምህራኑ ልክ ናቸው። ሐምሌ በጎጃም ምን እንደሚመስል ለእርስዎ አልነግርም። ውስጡ እርጥብ ሆኖ ላዩ የተቀባ ግድግዳ ጥቅምት ላይ ይላጣል፤ ቀለሙ እርጥበቱን አፍኖ ስለሚይዘው ያብጣል፣ ከዚያ እንደ ቅርፊት ይነሣል። እንግሊዝኛውስ? ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፤ ተማሪው አረም ላይ ነው።

እኛ በሥራ መረዳዳትን በሁለት ስም እንጠራዋለን። በደቦ ባለ እርሻው ጠላና ምሳ ያቀርባል፣ የመጣው ሠርቶ ይሄዳል። በወንፈል ግን ዛሬ ያንተን፣ ነገ የእኔን ነው፤ ብድሩ ይቆጠራል። የአጭር ጊዜ የበጎ ፈቃድ ጉዞ አብዛኛው ደቦ ነው፤ ያውም ደጋሹ ከሠራተኛው በላይ የሚደክምበት። አስተርጓሚው ማን ነው? ማደሪያ የሚፈልገው፣ የሚጠጣ ውኃ የሚያፈላው፣ ሆዱ የታመመውን ወደ ሆስፒታል የሚወስደውስ? ያ ያጉረመረመው መምህር ነው።

የውጭ በጎ ፈቃደኛ አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። የሰላም ጓድ እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ከመጡት ወደ 280 የሚጠጉ ወጣቶች አብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ነበሩ። የጎደለው መምህር ነበር፤ የመጣውም መምህር ነው። ሁለት ዓመት ቆዩ፣ እንደ ማንኛውም መምህር ሙሉ የክፍለ ጊዜ ድልድል ያዙ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1964 የራሳችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር የሚወጡበት አገልግሎት ተጀመረ፤ እነሱም በብዛት አስተማሩ። በሁለቱም መጀመሪያ ጉድለቱ ታወቀ፣ ቀጥሎ ሰው ተፈለገ። የእርስዎ ደብዳቤ ግን ሰው ይዞ ሥራ የሚፈልግ ነው።

ስለዚህ መልሱን ከመጻፍዎ በፊት መምህራኑን ሰብስበው «በእውነት የጎደለን ምንድን ነው?» ይበሉ። የቤተ መጻሕፍቱን መጻሕፍት መዝግቦ መለየት ሊሆን ይችላል፤ ተቆልፎ አቧራ የጠጣውን ቤተ ሙከራ መክፈት ሊሆን ይችላል። ቀለም ከሆነም ጊዜው ከጥር እስከ መጋቢት ነው፤ ቀለሙ ከከተማችሁ ይገዛ፣ ቀቢው የከተማችሁ ባለሙያ ሆኖ ይከፈለው፣ እንግዶቹ ይርዱት። ለእያንዳንዱ እንግዳ አብሮት የሚሠራ አንድ መምህር ይመደብ፤ እንግዳው ሲሄድ ሥራው የሚቀረው በእሱ እጅ ነውና።

ልጆቹን በተመለከተ ግን ድርድር የለም። እያንዳንዱ እንግዳ ከአገሩ ፖሊስ ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ያምጣ። ከተማሪ ጋር ብቻውን ክፍል ውስጥ አይቀመጥ። ያለ ወላጅ ፈቃድ ፎቶ አያንሣ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ ኢንሹራንስ። አንድ መንግሥት ዜጎቹን «ወደዚያ አካባቢ አትሂዱ» ካለ ብዙ የጉዞ ኢንሹራንሶች እዚያ ለደረሰ ጉዳት አይከፍሉም። አሁን ባለው የጸጥታ ሁኔታ ኢንሹራንሳቸው ፍኖተ ሰላምን በስም እንደሚሸፍን በጽሑፍ ይጠይቁ። ካልመጣ፣ እነሱም አይምጡ።

ወንፈሉንም ይጠይቁ፤ «እኛስ መቼ እንመጣለን?» ይበሏቸው። ነውር የለውም። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመሩት ቬልትቬርትስ የተባለ የወጣቶች ፕሮግራም ለዓመታት ልጆቻቸውን ብቻ ይልክ ነበር፤ ከ2013 ወዲህ እንደኛ ካሉ አገሮችም ይቀበላል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. 2026ን ዓለም አቀፍ የበጎ ፈቃደኞች ዓመት ብሎታል። ንግግሩ መብዛቱ አይቀርም፤ እኔ ግን የምቆጥረው ከዚህ ስንት ወጣት እንደሄደ ነው። «ከሦስት ሳምንት በቀር አንችልም፣ ያውም በሐምሌ» ካሏችሁ፣ አመስግናችሁ የቀለሙን ገንዘብ ብቻ እንዲልኩ ጠይቁ።

ከብቸና፦ ዲግሪዬ፣ የልደት ወረቀቴና ፓስፖርቴ ላይ ስሜ በተለያየ የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል፤ ልደቴም አንዱ ላይ 2002፣ ሌላው ላይ 2003 ይላል። ማመልከቻዬን ይጥሉታል?

ሊጥሉት ይችላሉ፤ ቪዛ ላይ ደግሞ ይብሳል። ጥር 11 ቀን 1995 ተወልጃለሁ ብለሻል፤ ይህ ጃንዋሪ 19 ቀን 2003 ነው። 2002 ያለው ሰው ዓመቱን በሙሉ ሰባት ደምሮ ነው፤ ከታኅሣሥ መጨረሻ ሳምንት ወዲህ ግን ልዩነቱ ስምንት ነው። መጀመሪያ የልደት ወረቀቱን ከወሳኝ ኩነት አሳርሚ፣ ቀጥሎ ፓስፖርቱን። ማመልከቻው ላይ ስምሽን ከፓስፖርቱ ፊደል በፊደል ገልብጪ። ዲግሪው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ከተረጋገጠ በኋላ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይታተማል፤ ቅደም ተከተሉን ብታዛቢ ከአዲስ አበባ ባዶ እጅሽን ትመለሻለሽ። ለቀረው ኤምባሲውን ጠይቂ።

ከደብረ ማርቆስ፦ በልጅነቴ የልብ በር ሕመም ይዞኝ በየ28 ቀኑ ፔኒሲሊን እወጋለሁ። ለአንድ ዓመት አገልግሎት ተመርጫለሁ። የጤና ቅጹ ላይ ብደብቀውስ?

አትደብቅ። መርፌው ሲቋረጥ የጉሮሮ ኢንፌክሽን ሕመሙን መልሶ ሊቀሰቅሰው ይችላል፤ በተቀሰቀሰ ቁጥርም የልብ በሩ የበለጠ ሊጎዳ ይችላል። የደበቅከው ሕመም እዚያ ቢነሣ ኢንሹራንሱ አልከፍልም ሊል ይችላል። የልብ ሐኪምህን ሳታይ ቅጹን አትላክ፤ ይህን እንደ ወግ አይደለም የምለው። የሕመሙን ስም፣ የመርፌውን መጠንና ጊዜ፣ የልብ አልትራሳውንድ ውጤትህን የያዘ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ አጽፍ። ተቀባዩ ድርጅትም መርፌውን የት እንደምትወጋ ከመሄድህ በፊት በጽሑፍ ይንገርህ፤ በየክሊኒኩ የሚገኝ መድኃኒት አይደለም።

ከሞጣ፣ አንድ አባት፦ ልጄ ለአንድ ዓመት ያለ ደመወዝ ልሥራ ይላል። አእምሮው ጤነኛ ነው?

ጤነኛ ነው፣ ጋሼ። ደመወዝ ባይኖረውም ደህና ፕሮግራም የደርሶ መልስ ትኬት፣ የጤና ኢንሹራንስና የወር መኖሪያ ገንዘብ ይሰጣል። የውል ደብዳቤውን ያስነብቡት፤ ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አይላኩት።