ሄድፎን ከመግዛትህ በፊት ፋይሉን ክፈተው

ወንድሜ፣ ግሩፓችን ላይ የጻፍከውን ጥያቄ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የአሜሪካዊውን ዘፋኝ የቦን ኢቨርን «ፎር ኤማ፣ ፎርኤቨር አጎ» አልበም ሙዚቃ ቤት ሄደህ በፍላሽ አስጫንክ። ሦስት ጊዜ ሰማኸው። ሁሉም ዘፈን አንድ ሆነብህ፣ ቃሉም አልያዝ አለህ። አሁን ደግሞ «የ4,000 ብር ሄድፎን ልግዛ ወይስ ችግሩ ጆሮዬ ነው?» ብለህ ጠይቀሃል።

አንተ ሀዋሳ ነህ፣ እኔም ሀዋሳ ነኝ። እኔም ይህንኑ አልበም በፍላሽ አስጭኜ ነው የጀመርኩት። ጆሮህ ምንም አልሆነም። ብሩን ለጊዜው ኪስህ አቆየው። እኔ የከፈልኩትን አንተ እንዳትከፍል ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

1. ዘፈኖቹን ቁጠር። ዘጠኝ መሆን አለባቸው፣ በድምሩ 37 ደቂቃ። ቅደም ተከተላቸው ይህ ነው፦ «ፍሉም»፣ «ለምፕ ሰም»፣ «ስኪኒ ላቭ»፣ «ዘ ዉልቭስ»፣ «ብላይንድሳይድድ»፣ «ክሪቸር ፊር»፣ «ቲም»፣ «ፎር ኤማ»፣ «ሪ ስታክስ»። ስልክህ በ«ብላይንድሳይድድ» የሚጀምር ከሆነ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ደርድሮልሃል ማለት ነው። እንደዚያ ከሆነ አልበሙን ገና አልሰማኸውም።

እኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ አስጫንኩና አራት ወር ሙሉ በፊደል ተራ ሰማሁት። «ሪ ስታክስ» መሀል ላይ ይመጣብኛል። እሱ እኮ የአልበሙ መዝጊያ ነው። ወደ ሰባት ደቂቃ የሚጠጋ ዘፈን ነው፤ ጊታርና የሰውየው ድምፅ፣ ሌላ ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ያ ሁሉ የድምፅ ክምር ካለፈ በኋላ ሲመጣ፣ እንግዶች የሄዱበት ቤት ውስጥ ብቻህን የቀረህ ያህል ነው። መሀል ላይ ሲገባ ግን ቀዝቃዛ ሆነብኝና እዘለው ነበር። አራት ወር ዘለልኩት። አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል።

የባሰው ደግሞ «ቲም» ጭራሽ አልነበረም። «ቲም» ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ግጥም የለውም፣ መጨረሻው ላይ ፉጨት አለበት። «ክሪቸር ፊር» ሲያልቅ በቀጥታ ወደ እሱ ይፈስሳል፣ መሀላቸው ዝምታ የለም። እኔ ጋ «ክሪቸር ፊር» እየጋለ እየጋለ ይመጣና ድንገት ቁርጥ ይላል። ፋይሉ የተበላሸ መሰለኝ። ተመልሼ የጫነልኝን ልጅ ጠየቅኩት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «እሷ ቁራጭ ናት፣ ቃልም የላት፤ ያላለቀች መስላኝ አጠፋኋት» አለ። እንደገና ጫንልኝ ስለው እንደገና ክፈል አለኝ። ራሱ ያጠፋውን! ብሩ ትንሽ ነበር፤ ግን በዚያ አነጋገር አልከፍልም ብዬ ወጣሁ።

ስለዚህ የፋይሎቹን ስም ራስህ አስተካክል። ከስማቸው ፊት ከ01 እስከ 09 ቁጥር ጻፍ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ዘፈን የሚያደባልቀውንም ምልክት (ሻፍል የሚሉትን) አጥፋው።

2. መጠኑን እይ። አልበሙ በ320 ኪሎቢት (በየሰከንዱ የሚይዘው የድምፅ መረጃ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱም ይቀንሳል) ከተጫነ ጠቅላላው ወደ 90 ሜጋባይት ይጠጋል። በ128 ከሆነ 35 አካባቢ ነው። የእኔ 17 ነበር። ቦታ ለመቆጠብ ጨምቀውታል። ሙዚቃ ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚሄደው ቀጭን ቀጭኑ ነው፦ ትንፋሽ፣ ጣት ክር ላይ ሲንሸራተት የሚሰማው ጭረት፣ ከድምፁ ኋላ የሚቀረው አየር። ጭፈራ ለሆነ ሙዚቃ ብዙም ላይታወቅ ይችላል። ከዚህ አልበም ላይ ግን እነዚህን ስትወስድ የሚተርፍ ነገር የለም።

ለምን እንደሆነ ስማ። ቦን ኢቨር ማለት ጀስቲን ቨርነን የሚባል ሰው ነው። የነበረበት ባንድ ፈርሶ ነበር። ከፍቅረኛው ተለያይቷል፣ ታሞም ነበር። በፈረንጆቹ 2006 መጨረሻ ላይ ወደ አገሩ ወደ ዊስኮንሲን ተመለሰና አባቱ ለአደን የሚጠቀሙበት የእንጨት ጎጆ ውስጥ ብቻውን ከረመ። ባለው ጥቂት መሣሪያ አብዛኛውን ነገር ራሱ ተጫወተ። ድምፁን በድምፁ ላይ እየደረበ ቀዳ። «ለምፕ ሰም» ሲጀምር መዘምራን የሚመስለው ሁሉ አንድ ሰው ነው። በ2007 ራሱ ጥቂት መቶ ቅጂ አወጣ። በ2008 ነው ጃግጃጉዋር የሚባለው ኢንዲ (ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ውጭ የሆነ) አሳታሚ በሰፊው ያወጣው።

«ቦን ኢቨር» የሚለውን ስምም ያገኘው ከአንድ የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ነው። የመጀመሪያው በረዶ ሲጥል የከተማው ሰዎች በፈረንሳይኛ «ጥሩ ክረምት» እየተባባሉ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። የእኛ «ክረምቱን በሰላም ያሻግረን» ዓይነት ነው። እሱ አጻጻፉን ቀይሮ ወሰደው። ይህን ካወቅኩ በኋላ አልበሙን የማዳምጥበት ስሜት ተቀየረ። ክረምት ሰውን ቤት ውስጥ እንደሚዘጋ እዚህም እናውቃለን።

3. ሄድፎኑ። የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። ፋይሉ የታመመ መሆኑን ሳላውቅ፣ ልክ እንዳንተ፣ ጥፋቱን በማዳመጫው ላይ ጣልኩ። እኔ ሆቴል ውስጥ የሌሊት ተረኛ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ቲፕ እያጠራቀምኩ 3,800 ብር አወጣሁ። ባለሱቁ «ኦሪጅናል ነው፣ ካርቶኑን እየው» አለ። ካርቶኑ በእውነት ያምር ነበር። ሳደርገው ባሱ ደረት ይመታል። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። አልበሙ ግን ያው ነው፣ እንዲያውም ባሱ ጊታሩን ሸፈነው። አንድ ሌሊት በስህተት ገልብጬ አደረግኩት፣ የግራውን በቀኝ። ምንም አልተለወጠም። ይሄ እንዴት ይሆናል? የድሮ ስልኬን ባለገመድ ኢርፎን አውጥቼ ሞከርኩ። እሱን ስገለብጠው ድምፆቹ ቦታ ይቀያየራሉ። ያ ሁሉ ብር የወጣበት ግን በሁለቱም ጆሮ አንድ ድምፅ ብቻ ይልካል። ድምፅ በድምፅ ላይ የተደረበበትን አልበም አንድ ላይ ጠፍጥፎ ነው የሚሰጠኝ። ስልኩ እንዳይሆን ብዬ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ «ሞኖ» የሚለው (ግራና ቀኙን አንድ ድምፅ የሚያደርገው) መጥፋቱን አረጋገጥኩ። ጠፍቷል። አንተም መጀመሪያ እሱን እይ፣ አንዳንዴ ሳይታወቅ ይበራል።

ይዤው ሄድኩ። ባለሱቁ ጆሮው ላይ እንኳ አላደረገውም። «ይጮሃል አይደል? ታዲያ ምን ሆነ?» አለኝ። ግራና ቀኙ አንድ ነው ብዬ ሳስረዳው ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሳቁ። ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት አሳየኝ። እኔ ሆቴል እንግዳ ሻይው ቀዘቀዘ ቢለኝ ይቅርታ ጠይቄ ነው የምቀይርለት። ሰው 3,800 ብር ከፍሎ እንዴት እንደዚያ ይባላል?

አሁን የማዳምጠው በ450 ብር ባለገመድ ኢርፎን ነው። አልበሙን ውጭ አገር ያለችው የአክስቴ ልጅ ገዝታ በቴሌግራም ላከችልኝ። ወደ 90 ሜጋባይት፣ ዘጠኙም በተራቸው። የመጀመሪያውን ሌሊት አልረሳውም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ፣ እንግዶቹ ሁሉ ተኝተዋል። መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ ከአጠገቤ ያለው ፍሪጅ ዝም አለ። ፍሪጁ ያን ያህል ይጮህ እንደነበር ለካ አላውቅም! «ፍሉም» መሀሉ ላይ ደርሶ ዘፈኑ ሲላላና ክሮቹ ብቻ ሲርገበገቡ ሰማሁ። አራት ወር የሰማሁት ዘፈን ነው፤ ያንን ግን ሰምቼው አላውቅም።

ስለዚህ ጊዜና ቦታ ምረጥ። ፍቅር ሐይቅ በብሉቱዝ ስፒከር ከጓደኛ ጋር አይሆንም፣ ሐይቁን ሌላ ቀን እየው። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድም አይሆንም። እኔ በስሙ ተታልዬ በነሐሴ ዝናብ ሞክሬዋለሁ፣ ምንም አይሰማም። ሌሊት ወይም ንጋት ላይ፣ ስልኩ አውሮፕላን ሞድ ላይ ሆኖ፣ 37 ደቂቃውን ሳታቋርጥ ስማው።

መጀመሪያ «ዘ ዉልቭስ» መጨረሻ ላይ አትኩር። አንዲት ሐረግ ትደጋገማለች። በየዙሩ ድምፅ ይጨመርባታል፣ ከዚያ ከበሮው ዕቃ ከመደርደሪያ እንደሚወድቅ ይንኮታኮታል። ቀጥሎ «ፎር ኤማ» ላይ ጥሩምባና ትሮምቦን ሲገቡ ጠብቅ። እነሱን የነፉት ሌሎች ሰዎች ናቸው። ያን ያህል ሰዓት አንድ ሰው ብቻውን ሲያንጎራጉር ከሰማህ በኋላ፣ በር ተንኳኩቶ ሰው እንደመጣ ይሰማሃል። እዚህ ጋ ደረቴ ሞቅ ይለኛል፣ ሁልጊዜ። ይህንንም የምታገኘው ተራው ከተጠበቀ ብቻ ነው።

ቃሉ አልገባኝም ላልከው፣ አትጨነቅ። ቨርነን መጀመሪያ ትርጉም የሌለው ድምፅ ብቻ እያወጣ ዜማውን ይቀዳ ነበር። ከዚያ የራሱን ቅጂ እያዳመጠ ለድምፁ የሚስማማ ቃል ይፈልጋል። ቃሉ ከድምፁ በኋላ ነው የመጣው። እናቴ ጥጥ ስትፈትል ቃል የሌለው ነገር ታንጎራጉራለች። ምን እያልሽ ነው ብዬ ጠይቄያት አላውቅም፣ ምን ዓይነት ቀን እንደዋለች ግን አውቃለሁ። ግጥሙን ወረቀት ላይ ለማንበብ አምስተኛው ዙር ላይ ትደርሳለህ።

ከዚህ ግሩፕ ውስጥ ለዘጠኝ ሰው ፋይሉን በስልካቸው ላይ በተራ አስተካክዬላቸዋለሁ። አንዷ እህታችን በበነጋታው «እኔ እኮ ሌላ አልበም ነበር የያዝኩት» ብላ ጻፈችልኝ። ያቺን መልእክት አላጠፋኋትም።

አሁንም ሄድፎኑን እገዛለሁ ካልክ ግዛ። ግን ገንዘቡን ሳትቆጥር፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ ቆመህ «ለምፕ ሰም»ን ክፈትና ገልብጠህ አድርገው። ባለሱቁ ቢቆጣ ይቆጣ፣ ሰው ቢስቅም ይሳቅ። ድምፆቹ ቦታ ካልተቀያየሩ ካርቶኑን መልስለትና ውጣ።