ማዙራኒክ ወይስ ማዡራኒች?

ጥያቄ፦ ለልጆች መጽሔት ስለ ክሮኤሽያዊቷ ደራሲ ኢቫና ብርሊች አጭር የሕይወት ታሪክ እያዘጋጀሁ ነው። ሁለተኛው የቤተሰብ ስሟ አንድ ቦታ «ማዙራኒክ»፣ ሌላ ቦታ «ማዙራኒች» ይላል። የቱ ነው ልኩ? ኤፕሪል 18 ቀን 1874 መወለዷና ሴፕቴምበር 21 ቀን 1938 ማረፏስ በእኛ መቼ ይሆናል? ደግሞስ «ተወለደች» ልበል ወይስ «ተወለዱ»?

መልስ፦ ሁለቱም አይደሉም፤ «ማዡራኒች» ነው። ስሙ ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሲገለበጥ በፊደሎቹ አናት ላይ ያሉት ምልክቶች ይረግፉና ዡ «ዙ»፣ ች ደግሞ «ክ» ይሆናል። በቀጥታ ከክሮኤሽኛው ከተነሣን ግን ዥ፣ ሽ፣ ች፣ ጅ፣ ኝ ሁሉም በእጃችን ናቸው። ክሮኤሽኛ ሁለት ዓይነት ች አለው፤ ብዙ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው ስለማይለዩአቸው በአንድ ች መጻፉ አያስነቅፍም። የላቲኑ «ጄ» እዚያ ይ ነው እንጂ ጅ አይደለም። «ብርሊች»ም በሳድስ ይበቃዋል፤ «በርሊች» ማለት የሌለ አናባቢ መጨመር ነው።

«ብርሊች» እ.ኤ.አ. በ1892 ያገባችው የጠበቃው የቫትሮስላቭ ስም ነው፤ «ማዡራኒች» የአባቷ። ስለዚህ ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠሯት «ማዡራኒች» ብቻ ብለው አይለፉ፤ አያቷ ኢቫን ማዡራኒች ስመ ጥር ገጣሚና ከ1873 እስከ 1880 የክሮኤሽያ ባን፣ ማለትም የንጉሡ እንደራሴ፣ ስለነበሩ አንባቢ ይምታታበታል። እንደ እኛ ልማድ «ኢቫና» ይበሏት፤ አራሚዎ ግን «ና»ን «ን» እንዳያደርገው። አንዲት ፊደል ብትለወጥ የልጅ ልጅ አያቷን ትሆናለች።

ቀኑ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዛሬ ሚያዝያ 1 የሚውለው ኤፕሪል 9 ነው። እ.ኤ.አ. 1900 በጎርጎርዮሳውያኑ ዘንድ ፌብሩዋሪ 29 ያልነበረው ዓመት በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት ልዩነቱ በአንድ ቀን ያንስ ነበር፤ ሚያዝያ 1 ኤፕሪል 8 ላይ ይውል ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ኢቫና በኦጉሊን ከተማ የተወለደችው ሚያዝያ 11 ቀን 1866 ዓ.ም. ነው፤ በዛሬው ሰሌዳ ያሰላ ሰው 10 ይላል። ዛግሬብ ውስጥ ያረፈችው መስከረም 11 ቀን 1931 ዓ.ም. ነው። አዲስ ዓመት ስለገባ የሚቀነሰው 7 ነው፤ በልማድ 8 የቀነሰ አንድ ዓመት አስቀድሞ ይቀብራታል።

የመጻሕፍቱን ዓመት ግን አይመልሱት። የጫማ ሠሪው ተለማማጅ የህላፒች ታሪክ በ1913፣ የጥንት ተረቶቿ በ1916 ታተሙ። ወሩ ካልታወቀ 1913 በእኛ 1905ም 1906ም ሊሆን ይችላል፤ «እ.ኤ.አ.» ብሎ መተው ይሻላል።

አንቱታውን በተመለከተ፣ ለውጭ አገር ደራስያን «ተወለደች፣ ጻፈች» የተለመደ ነው፤ ለልጆችም ይቀርባል። «ተወለዱ» ቢሉም ነውር የለውም። የማያምረው ኦጉሊን ላይ «ተወለደች» ብሎ ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 የዩጎዝላቪያ አካዳሚ የመጀመሪያዋ ሴት አባል ስትሆን «ተመረጡ» ማለት ነው፤ ሹመት ሲመጣ ብዕራችን ሳናውቀው ይሰግዳል።

ስለ ኖቤል ከጻፉ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1931፣ በ1935፣ በ1937 እና በ1938 «ታጭታለች» ይበሉ። «የኖቤል ተሸላሚ» አይደለችም።