ጥያቄና መልስ፦ የማልያና የጊታር ሱቅ ሠራተኛ ስንት ያስወጣል?

ሐዋሳ ላይ የስፖርትና የሙዚቃ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆችን ሒሳብ እይዛለሁ። ስለ ሠራተኛ ወጪ የከበዳችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ደጋግመው የመጡትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ የስፖርት ዕቃ ሱቅ ልከፍት ነው። ለአንድ ሻጭ በወር 6,000 ብር ብይዝ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም ወንድሜ። የጡረታ መዋጮ አለ፤ አንተ በላዩ 11 በመቶ ትጨምራለህ፣ 660 ብር። ከልጁ ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ 420 ብር። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ደግሞ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነጻ ነው፤ ከቀሪው 700 ብር ግብር ይሄዳል። ካንተ 6,660 ወጥቶ ልጁ እጅ የሚገባው 4,880 ነው። የተስማማችሁበት ደመወዝ ያልተጣራው (ግብርና ጡረታ ሳይቆረጥ) ነው ወይስ የተጣራው (ተቆርጦ እጁ የሚገባው)? መጀመሪያ ቀን ተነጋገሩ። በዚህ ብቻ ወር ሳይሞላ የተቀያየሙ አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ ከጠዋቱ 2 እስከ ማታ 2 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን እከፍታለሁ። ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው እህቴ። ምሳ ሰዓቷን ብንቀንስ እንኳ 66 ሰዓት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሳምንት 48 ሰዓት ይላል። ትርፍ ሰዓት በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም፤ እሱም ለአስቸኳይ ነገር እንጂ የየቀኑ ፕሮግራም እንዲሆን አይደለም። ክፍያው በአዘቦት ቀን አንድ ተኩል፣ በእረፍት ቀን እጥፍ፣ በበዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። ደግሞ ልጅቷም ሰው ናት፤ ማታ 1 ሰዓት ላይ የደከመች ሻጭ ታኬታ የሚለካ ደንበኛን በደንብ አታስተናግድም። ማክሰኞ ጠዋት ኳስ የሚገዛ ስለሌለ አርፍደሽ ክፈቺ። ለዓርብና ለቅዳሜ ከሰዓት ሁለተኛ ሰው ጨምሪ።

ጥያቄ፦ ጊታር የሚችል ልጅ 9,000 ጠየቀኝ። በ6,000 የሚመጣ ሌላ ልጅ አለ። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ የሚችለውን። ባለፈው አንድ ሱቅ ቁጭ ብዬ ደረሰኝ ስደምር ሁለት የመዘምራን ልጆች ገቡ። ጊታሩን አነሱ፣ ነካ ነካ አደረጉት፤ ክሩ ላልቷል። ሻጩ መቃኘት አይችልም። “አዲስ ስለሆነ ነው” አላቸው። አመስግነው ወጡ። ሌላ ሱቅ ያለው ልጅ ግን ክራርም ጊታርም ይቃኛል። ከጆሮው አስጠግቶ የክሩን ማጥበቂያ ጠምዘዝ ጠምዘዝ ያደርጋል፣ ከዚያ አንድ ዜማ ይመታላቸዋል። ጊታሩ ከነቦርሳው፣ ከነመለዋወጫ ክሩ ይሸጣል። የሁለቱ ልዩነት ከነጡረታው 3,330 ብር ነው። ከአንድ ጊታር 1,200 ብር የምታተርፍ ከሆነ በወር 3 ተጨማሪ ጊታር ይሸፍነዋል። ደመወዝን ሁሌም ከትርፍህ ጋር አስተያይ፤ የሽያጩ ብዛት ያታልላል።

ጥያቄ፦ ኮሚሽን ብሰጥስ?

መልስ፦ ጥሩ ነው፣ ግን ከትርፉ ላይ ስጥ። ከሽያጩ ከሰጠህ ልጁ ዋጋ እየሰበረ ይሸጥልሃል። ስሌቱን በወረቀት ጻፉት።

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ በነጻ ያግዘኛል። ወጪ ልበለው?

መልስ፦ በል። ነገ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ቦታውን በደመወዝ ነው የምትተካው።

ጥያቄ፦ የዓመት ፈቃድ ስንት ቀን ነው? መቼ ልስጥ?

መልስ፦ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ደመወዙ ሳይቆረጥ። ክረምት ላይ የሰፈር ውድድር ሲጀመር ቡድኑ ሁሉ ማልያ ያሳትማል፣ ያኔ አይሆንም። በየሱቁ ገበያው የሚተኛበት ወር ይለያያልና ያለፈውን ዓመት ደረሰኝ ገልጠህ እየው፤ ፈቃዱን እዚያ ላይ አድርገው።