«ታምቆ፣ ተመስጥሮ ይላካል» ምን ጎደለው?

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ የኔትወርክ ፕሮቶኮሎችን (የኮምፒውተሮች መነጋገሪያ ደንቦችን) አንዱ በሌላው ላይ በሚደረደር ሞጁል እየገጣጠሙ ለሚሠሩበት ሶፍትዌር መመሪያ በአማርኛ እያዘጋጀን ነው። «መልእክቱ ታምቆ፣ ተመስጥሮ ወደ ታች ይላካል» ብለን ብንጽፍ፣ አንባቢዎች ሁሉንም አንድ ሞጁል የሚሠራው መሰላቸው። ስሕተቱ ምን ላይ ነው? «በቲሲፒ ላይ» እና «ከቲሲፒ በላይ»ስ (ቲሲፒ መረጃን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያደርሰው ፕሮቶኮል ነው) ይለያያሉ?

መልስ፦ ሰዋስዉ ልክ ነው፤ የጠፋው አድራጊው ነው። የቦዝ አንቀጽ (እንደ «ታምቆ»፣ «ተመስጥሮ» ያለ፣ ዐረፍተ ነገር የማያስር ግሥ) ድርድር ቅደም ተከተልን ይጠብቃል፣ ባለቤቱ ካልተጠራ ግን ሥራው ሁሉ የአንድ ሰው ይመስላል። «አርሶ፣ ዘርቶ፣ አጭዶ፣ ወቅቶ ጎተራ አስገባ» ቢባል ጎጃም ውስጥ አምስት ገበሬ የሚያስብ የለም። እናንተ ደግሞ ግሡን ተደራጊ ስላደረጋችሁት ያ አንዱም ጠፋ።

ቅደም ተከተሉን ግን አትንኩት። የተመሰጠረ ባይት የሚደጋገም ነገር ስለማይታይበት አይታመቅም፣ መጠኑ አይቀንስም፤ «ተመስጥሮ፣ ታምቆ» ብትሉ መመሪያውን አምኖ የገጣጠመ ሰው ማመቂያው በከንቱ ይለፋበታል። (ቀድሞ ማመቅም መዘዝ አያጣም፤ የመልእክቱ ርዝመት ምስጢር ሊያሾልክ ይችላል። ቲኤልኤስ የተባለው የማመስጠሪያ ፕሮቶኮል በ1.3 እትሙ ማመቅን አስቀርቷል።)

እኔ የምመክረው፦ በአንድ ሞጁል ውስጥ ቦዝ፣ ድንበሩ ላይ ማሰሪያ አንቀጽ። «ማመቂያው መልእክቱን አምቆ ለማመስጠሪያው ያስረክባል፤ ማመስጠሪያው አመስጥሮ፣ ራስጌ ጨምሮ ለቲሲፒ ያስረክባል።» (ራስጌ ሞጁሉ ከመልእክቱ ፊት የሚለጥፈው መግለጫ ነው።) «ይልካል»ን ለአቻዎች ተዉት፤ እዚህ ያለው ቲሲፒ እዚያ ላለው ቲሲፒ ይልካል። በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ኤክስ-ከርነል የተባለ የፕሮቶኮል መገጣጠሚያ ሥርዓት ወደ ታች ማስረከብን «ፑሽ»፣ ወደ ላይ ማስረከብን «ፖፕ» ብሎ ለይቷል። በአማርኛም አቅጣጫው ይጠራ፦ ወደ ላይ ሲሆን ሞጁሉ የራሱን ራስጌ ገፎ ያስረክባል።

ሁለተኛው ጥያቄ የባሰ ያሳስታል። «በቲሲፒ ላይ» መሐል ማንም የለም ያሰኛል፤ «ከቲሲፒ በላይ» ከፍታውን ብቻ ይናገራል። በኤችቲቲፒ (በድረ ገጽ ፕሮቶኮሉ) እና በቲሲፒ መሐል ቲኤልኤስ ቢገባ «ኤችቲቲፒ ከቲሲፒ በላይ ነው» እውነት እንደሆነ ይቆያል፣ «በቲሲፒ ላይ ነው» ግን ይፈርሳል። ሒሳቡም አብሮ ይፈርሳል፦ ኤተርኔት (የገመድ ኔትወርኩ) በአንድ ጊዜ ከሚሸከመው 1500 ባይት የአይፒ (የአድራሻ ፕሮቶኮሉ) ራስጌ 20 እና የቲሲፒ ራስጌ 20 ሲነሣ 1460 ይቀራል፤ «በቲሲፒ ላይ» ያነበበ ሰው ይህን ሁሉ ለኤችቲቲፒ ይሰጥና ቲኤልኤስ ለራስጌው ብቻ የሚወስደውን 5 ባይት ይረሳል።